የፈጠነ ስሕተት

በምጣኔ ሀብት ምርምር ፍጥነት ጣዖት ሆኗል። ነምባ የፓይተንን ፋንክሽን ወደ ማሽን ቋንቋ ኮምፓይል ሲያደርግ ሉፖች እጅግ እንደሚፈጥኑ አይካድም። ነገር ግን ከፋንክሽኑ ውጭ የተሰየመን ግሎባል ተለዋዋጭ፣ የወለድ ምጣኔን እንበል፣ ኮምፓይል በተደረገበት ቅጽበት በነበረው ቁጥር ያጸናዋል። ተመራማሪው ኋላ 0.05ን ወደ 0.10 ቢለውጥ ተራው ፓይተን አዲሱን ያነባል፤ ያ ፋንክሽን ግን እንደገና ኮምፓይል ካልተደረገ በአሮጌው ይቀጥላል፤ አያስጠነቅቅም።

«ወለድ ቢያድግም ቁጠባ አልተነቃነቀም» የሚል ግኝት እንግዲህ የኢኮኖሚው ሳይሆን የኮዱ ጠባይ ሊሆን ይችላል። «መመሪያው ላይ ተጽፏል» የሚለው መከላከያ አያዋጣም፤ በተሳሳተ ቁጥር በሚወጣ ፖሊሲ የሚጎዳው ቆጣቢ የሶፍትዌር መመሪያ አያነብምና። ግምቶች ሁሉ በአርጉመንትነት ለፋንክሽኑ ይሰጡ፤ ይህን ያላሟላ ጥናት ገምጋሚዎች ይመልሱት።