ፍርዱን ጨርሶ በመጣ ሰው ላይ ሁለተኛ ፍርድ አንፍረድ



ባለፈው ወር ማኅበራችን ለማታ ጥበቃ አንድ ሰው እንደሚፈልግ በዚሁ ሰሌዳ ላይ ማስታወቂያ አውጥቶ ነበር። ካመለከቱት መካከል አንዱ በስርቆት ተፈርዶበት አንድ ዓመት ከስምንት ወር ቀላል እሥራት ጨርሶ የወጣ የሠፈራችን ልጅ ነው። ስሙን አንጠራም፤ አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። እኛ የኮሚቴው አባላት ማመልከቻውን ተቀበልን፤ ተቀብለንም ከሌሎቹ ሥር አደረግነው። «አይቀጠርም» ያለ የለም፤ ያነሣውም የለም። ስለዚህ ይህን ስንጽፍ በቅድሚያ የምንወቅሰው ራሳችንን ነው።

ልጁ በማረሚያ ቤት የእንጨት ሥራ ተምሯል። ከወጣ በኋላ ሦስት እንጨት ቤቶች ሄዶ ሞክሯል። አንደኛው «ከወንጀል ነጻ የሚል የፖሊስ ማስረጃ አምጣ» አለው። ሁለተኛው ደመወዝተኛ ዋስ ጠየቀው። ሦስተኛው የእጁን ሥራ አይቶ ወደደለት፤ የት እንደተማረው ሲሰማ ግን «እስቲ ሰሞኑን ብቅ በል» ብሎ ሸኘው። «ብቅ በል» ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

እርግጥ ነው፣ የተሰረቀባቸውም የኛው ጎረቤቶች ናቸው። ስፖኪዮው የተነቀለበት ሾፌር፣ ልብሷ ከገመድ ላይ የተወሰደባት እናት «ለኔስ ማን አዘነልኝ?» ቢሉ እውነት አላቸው። ነገር ግን ይህ ልጅ ሥራ ቢያጣ ማን ይጠቀማል? የሚሄድበት ሌላ ሠፈር የለውም፤ ውሎው እዚሁ ከኛው ጋር ነው። ሥራ የያዘ እጅ ነው የሚሻለን ወይስ ሥራ የፈታ?

በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ «መሰየም» የሚባል ነገር አለው። ይኸውም ቅጣቱን የፈጸመ ሰው፣ ቀላል እሥራት ከሆነ ከ2 ዓመት፣ ጽኑ እሥራት ከሆነ ከ5 ዓመት በኋላ፣ በመልካም ጠባይ ከኖረ፣ አዲስ ጥፋት ካልፈጸመና ካሣውን በተቻለው መጠን ከከፈለ፣ ለፍርድ ቤት አመልክቶ ፍርዱ ከመዝገብ እንዲሠረዝለት መጠየቅ ይችላል። ከተሰየመ በኋላ ያለፈውን እያነሣ የሚነቅፈው ሰው ራሱ በስም ማጥፋት ይጠየቃል። ይህን የሚያውቅ ስንቱ ነው?

ታዲያ ጭንቁ ያለው በነዚያ 2 ዓመታት ውስጥ ነው። ሕጉ «በመልካም ጠባይ ኑር፣ ካሣህን ክፈል» ይለዋል፤ እኛ ደግሞ «ሥራ የለንም» እንለዋለን። ምን በልቶ? ከምንስ ከፍሎ? በወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ ሆነና፣ ድሮ ወህኒ ቤት የምንለውን ማረሚያ ቤት አልነው እንጂ ሰው ታርሞ ይወጣል ብለን ገና አላመንንም።

ስለዚህ የሚከተለውን እናሳስባለን።

አንደኛ፤ የእድራችን አግዳሚ ወንበሮች ብዙዎቹ እግራቸው ተሰብሯል። ጥገናው ለልጁ ይሰጥ። ዋጋውም ለማንኛውም አናጢ በሚከፈለው ልክ ይሁን። «ሌላ ምን አማራጭ አለው» ብሎ በግማሽ ዋጋ ማሠራት በደል ነው።

ሁለተኛ፤ ከኮሚቴው ሁለት አባላት ዋስ ለመሆን ፈቃደኞች ናቸው። አሠሪዎችም ቢሆኑ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ እስከ 60 የሥራ ቀን የሚደርስ የሙከራ ጊዜ ፈቅዶላቸዋል። የገንዘብ ሣጥን ቁልፍ በመጀመሪያው ቀን ስጡት አላልንም፤ መጋዙን ስጡት ነው ያልነው።

ሦስተኛ፤ 2 ዓመቱ ሲሞላ የመሰየም ማመልከቻውን በመጻፍ ማኅበሩ ይርዳው። ከሱ ሌላም እንዲህ ያለ ችግር ያለበት ቢኖር ሳያፍር ወደ ጽሕፈት ቤታችን ይምጣ።

የጥበቃው ማመልከቻም ከተቀመጠበት ወጥቶ በሚመጣው ስብሰባ ከሌሎቹ እኩል ይታያል። የሚቃወም ካለ እዚያው ተነሥቶ በግልጽ ይናገር፤ እንሰማዋለን። በየበሩ ማንሾካሾኩ ግን ይብቃን እንላለን።