ሥራ የናቀው ማነው?

«የኛ ልጅ ሥራ ይንቃል።»

ሐይቅ ከተማ ውስጥ የወጣት ነገር በተነሣበት ስብሰባ ሁሉ ይህቺ አባባል ሳትነገር አታልፍም። ባለሥልጣኑ ይናገራታል፤ ሽማግሌው ራሱን እየነቀነቀ ያጸድቃታል፤ ከስብሰባው ወጥቶ ሻይ ቤት የሚደግማትም አይጠፋም። የምትወደደው ስለምታሳርፍ ነው። ጥፋቱ የልጁ ከሆነ ሌላ የሚጠየቅ የለማ!

እስኪ ሥራ ናቂ የተባለውን ልጅ መንገድ አብረን እንከተል። ከተሁለደሬ ወይም ከአምባሰል ይነሣል። የአፋርን በረሃ ያቋርጣል፤ ጅቡቲ፣ ኦቦክ ላይ ጀልባ ይጠብቃል፤ ባሕሩ ካልበላው ጦርነት መሀል እየተሹለከለከ የመንን ቆርጦ ሳዑዲ ይገባል። ምን ሊሠራ? ፍየል ሊጠብቅ፣ ብሎኬት ሊሸከም። እኅቱም የሰው ወለል ልትወለውል፣ የሰው ሽማግሌ ልታጥብ። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን አባርራ መልሳለች። ከነሱ መካከል ያንኑ መንገድ እንደገና የጀመሩትን በስም አውቃቸዋለሁ። ሥራ የሚንቅ ሰው እንዲህ አያደርግም።

«ታዲያ ኮምቦልቻ ምን አለው?» ትሉኝ ይሆናል። ጥሩ፣ እሱን እናውራ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ማብቂያ ሲመረቅ ወሎ ተደስቷል፤ መደሰቱም ተገቢ ነበር። ከሐይቅ ሃምሳ ኪሎ ሜትር አለፍ ቢል ነው፤ ከበረሃው ጋር ሲተያይ ጎረቤት ነው። ግን ከወላጅ ጋር ቁጭ ብሎ ሂሳቡን የሠራ ሰው አልነበረም። በ2011 ዓ.ም. የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የንግድ ትምህርት ቤት ስለ ሐዋሳው ፓርክ ያወጣው ጥናት የልብስ ስፌት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑን ጽፏል። ባንግላዴሽ 95፣ ኬንያ 207። እኛ አገር ይህ ነገር እንደ ነውር ሳይሆን እንደ ማባበያ ነበር ለባለሀብት የሚቀርበው።

የማውቃት ልጅ ከአንድ ፋብሪካ (የትኛው እንደሆነ ይቅር) በሰባተኛ ወሯ ተመለሰች። አራት ሆነው አንዲት ክፍል ተከራይተው ነበር። ለእናቷ ብር መላኩ ቀርቶ በየወሩ ከእናቷ ጤፍና ሽሮ ታስልክ ነበር። ልብ በሉ፤ ፋብሪካውን የሚደጉመው የአምባሰል ገበሬ ነበር ማለት ነው። ደመወዙ የማያበላትን ሠራተኛ እናቷ ከጎተራዋ እየቀነሰች ታበላለታለች። ከዚያ ልጅቱ ስትመለስ «ሥራ ናቀች» ተባለች።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ይናገራል። ዓመታት አለፉ። የቦርዱን ነገር ያነሣ ስብሰባ ሐይቅ ላይ አልገጠመኝም።

ደግሞ ጦርነቱ መጣ። ኮምቦልቻ በጥቅምት 2014 ማብቂያ ተያዘች፣ ፓርኩም ተዘረፈ፣ በኅዳር ማብቂያ ከተማዋ ተመለሰች። ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ታኅሣሥ 23 ቀን፣ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ አስወጣች። ዋሽንግተን ላይ ዳያስፖራው ሰልፍ ወጥቶ ነበር፤ መንግሥትም መግለጫ አውጥቷል። ስፌት ላይ የምትውለዋን ልጅ ወክሎ የተናገረ ግን ማን ነበር? አሜሪካ ውስጥ የአንድ ስቴት በቆሎ አምራች ወይም ፋብሪካ ሠራተኛ በማኅበሩ በኩል ምክር ቤት ገብቶ ተመራጩን ይይዘዋል፤ «ይህን ሕግ ብታጸድቅ በሚቀጥለው ምርጫ እንተያያለን» ይለዋል። የገበሬዎቻቸው ትልቁ ማኅበር ከቆመ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። እኛን በሩቅ የሚወስኑብን እንዲህ በቅርብ የሚጠየቁ ሰዎች ናቸው።

ወደ ማሳው እንመለስ። የመጨረሻው የመሬት ድልድል ሲካሄድ ያልተወለደ ልጅ ዛሬ ራሱ ልጅ አለው። የአባቱ መሬት ለወንድማማቾች ቢካፈል በሬ ማዞሪያ አይሆንም። በ2015 ዓ.ም. ማዳበሪያ ጠፍቶ በክልላችን ገበሬው ሰልፍ ወጥቷል። ማዳበሪያ ደግሞ ዘር ከተዘራ በኋላ ቢመጣ ምን ይፈይዳል? ሐይቅ ዙሪያ ማሳው ጫት እየሆነ ነው ብለን እናዝናለን። ገበሬው ግን ሰንፎ አይደለም፤ የጫቱ ገዢ ደጁ ድረስ መጥቶ ጥሬ ብር ይቆጥርለታል፣ ማሾና ሽንኩርቱን ግን ደላላ ነው የሚዋጋበት።

ይህንን ሁሉ ማን ይጠይቅ? መልሴ ብዙ ሰው ያስቆጣል፤ ቅሬ ይጠይቅ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ሕግ ስለ መብት መሟገትን አሸማቆት ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ተተክቷል። ቅሬ ደግሞ ከዚህም ከዚያም ፈቃድ ሳይጠብቅ የኖረ ነው። ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም አንድ ድንኳን ሥር ያስቀምጣል፤ ከቀብር የቀረውን ይቀጣል፤ ገንዘቡ አይጠፋም።

«ቅሬ ፖለቲካ ውስጥ አይገባም» ይሉኛል አባቶች። ፍርሃታቸው ይገባኛል፤ በዚህ ዘመን ያልፈራ ሰው ያላየ ነው። ግን አባባ፣ ባሕር ለበላው ልጅ ሬሳው ሳይመጣ ድንኳን የምንተክለው እኛው አይደለንም? ሞቶ ሲረዳ እንሰበሰባለን፤ ለምን እንደሄደ ለመጠየቅ ግን ፖለቲካ ይሆንብናል። የቤት ኪራይና የሌሊት ፈረቃ ሰርቪስ መጠየቅ የየትኛው ፓርቲ ነው? ማዳበሪያው ከሰኔ በፊት ይድረስ ማለትስ?

በቅርቡ በኛ ቅሬ፣ የወር መዋጮ ከተሰበሰበ በኋላ፣ የክልል ምክር ቤት ተወካያችን ማን እንደሆነ ጠየቅሁ። ሰው ተያየ። አንድ አዛውንት ሳል ቢጤ አደረጋቸውና «እሱ እኛን ያውቀናል ወይ?» አሉኝ። ጸሓፊያችን ጥያቄውን ከመዋጮው መዝገብ ኅዳግ ላይ ጻፈው። ለሚቀጥለው ወር ተወካዩን ፈልጎ የሚጠራ ሦስት ሰው ተመርጧል፤ አንዷ ከፋብሪካ የተመለሰችው ልጅ ናት።