የእናታችን ወገብና የዮጋ ጥያቄ



በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች አንዱ ከድሬዳዋ የተላከ ነው። ጸሐፊዋ እህታችን እንደምትለው እናቷ በቀፊራ ገበያ መሬት ላይ ተቀምጠው አትክልት መሸጥ ከጀመሩ ከ20 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ወገባቸውን በጣም ያማቸዋል። ሐኪም መርምሯቸው «የሚያሰጋ ነገር የለም፤ ሰውነትዎን ያንቀሳቅሱ፣ ያፍታቱ» ብሎ ሸኛቸው። ልጅቷም በስልኳ ላይ ዮጋ የሚያስተምር ፊልም አግኝታ በየጠዋቱ ታሠራቸው ጀመር። ሦስት ሳምንት ያህል እንደሠሩ እናት ከሱጁድ ሲነሱ ግድግዳ መያዝ ተዉ። አንድ ቀን ታላቅ ወንድሟ ድንገት ገብቶ አየና «ይህ የጣዖት አምላኪዎች ዒባዳ ነው፣ ሺርክ ነው» አለ። እናት ደንግጠው ተዉት፤ ሕመሙም ተመለሰ። ዛሬ ወንድምና እህት አይነጋገሩም። «ከሁለታችን ትክክል ማን ነው?» ስትል ትጠይቀናለች።

እሷ ለእናቷ ወገብ ተጨነቀች፤ እሱ ለእናቱ ዲን ተጨነቀ። ሁለቱም የተጨነቁለት ነገር ሊጨነቁለት የሚገባ ነው። ሁለቱም ግን የዘለሉት አንድ ጥያቄ አለ፤ ለመሆኑ ዮጋ ምንድን ነው?

ቃሉ የጥንቱ የህንድ ቋንቋ የሳንስክሪት ነው፤ ከመጥመድና ከማገናኘት ጋር ዝምድና አለው። መነሻው የስፖርት ትምህርት ሳይሆን ሃይማኖታዊ ፍልስፍና ነው፤ በዚህ ወንድማችን አልተሳሳተም። በፓታንጃሊ ስም የሚታወቀው ጥንታዊ መጽሐፍ ስለ አካል አቀማመጥ የሚናገረው እጅግ ጥቂት ሲሆን አብዛኛው ሐሳብን ስለ መግዛት ነው። ይህን መጽሐፍ ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት ገደማ ወደ ዐረብኛ የመለሰው ሙስሊሙ ሊቅ አቡ ረይሓን አል-ቢሩኒ መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? አል-ቢሩኒ ሳንስክሪት ተምሮ፣ የህንዶችን እምነት ከራሳቸው መጻሕፍት አንብቦ፣ እ.ኤ.አ. በ1030 ገደማ ስለ ህንድ ትልቅ ኪታብ ጻፈ። እምነታቸውን አልተቀበለም፤ ሳያውቅም አልፈረደባቸውም።

ዛሬ በስልክ የምናያቸው አቋቋሞች ግን ብዙዎቹ ያን ያህል ጥንታዊ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በደቡብ ህንድ በማይሶር ከተማ ክሪሽናማቻርያ የተባለ መምህር ለወጣቶች ያስተምር ነበር፤ ዮጋን የአካል ማጎልመሻ አድርገው በዓለም ያሰራጩት በአብዛኛው የእርሱ ተማሪዎች ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2014 ጁን 21 ቀንን የዮጋ ቀን ብሎ ሰይሞታል። በአዲስ አበባም የህንድ ኤምባሲ ያከብረዋል።

ዑለማዎችስ ምን አሉ? የማሌዥያ ብሔራዊ የፈትዋ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2008 እንቅስቃሴውን፣ የአምልኮ ሥርዓቱንና የሂንዱ ቃላትን መደጋገሙን አንድ ላይ የያዘው ዮጋ ለሙስሊም ሐራም ነው አለ። በማግሥቱ አገሩ ተንጫጫ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራሳቸው ቃላቱን ሳይደጋግሙ እንቅስቃሴውን መሥራት እንደሚቻል ተናገሩ። የኢንዶኔዥያ ዑለማ ምክር ቤትም በጃንዋሪ 2009 ተሰብስቦ የአምልኮ ቃላት ያሉበትን ከለከለ፤ ለስፖርት ብቻ የሚሠራውን ግን ፈቀደ። ሳዑዲ ዐረቢያ ደግሞ በኖቬምበር 2017 ዮጋን ከስፖርት እንቅስቃሴዎች መካከል መዘገበች። እኛ ሙፍቲ አይደለንም፤ ቤተሰቡ በአካባቢው ያሉ ዓሊም ዘንድ ሄዶ ይጠይቅ። ሲጠይቅ ግን «ዮጋ ይፈቀዳል ወይ?» ብሎ ስሙን ብቻ ይዞ አይሂድ። እናት ምን እንደሠሩ፣ ምን እንዳሉ፣ ምን እንደነየቱ ይንገራቸው።

በፊልሞቹ ውስጥ በግልጽ መተው ያለበት ነገር መኖሩን ለእህታችን ሳንነግራት አናልፍም። «ኦም» እያሉ ድምፅ ማውጣት፣ መዳፍን ገጥሞ ማጎንበስ፣ ትርጉሙን የማናውቀውን ቃል መደጋገም ለወገብ አንዳች አይጠቅምም፤ ለዲን ግን ይጎዳል። በተለይ «ሱርያ ናማስካር» የሚባለው ተከታታይ እንቅስቃሴ ትርጉሙ «ለፀሐይ ሰላምታ» ማለት ነው። በሱረቱ ፉሲለት 41፥37 ለፀሐይና ለጨረቃ መስገድ የተከለከለብን፣ ፀሐይ በምትወጣበት ሰዓት ሱና ሶላት እንኳ እንድናዘገይ የታዘዝን ሰዎች ነን። ጠዋት ፊታችንን ወደ ምሥራቅ አዙረን ይህን የምንሠራበት ምን ምክንያት አለን?

ወደ ጥቅሙ ስንመጣ፣ ማስታወቂያው ከእውነቱ ይበልጣል። ዮጋ ስኳርን ያጠፋል፣ ነቀርሳን ይፈውሳል የሚሉትን አትመኑ፤ መድኃኒትም አታቋርጡ። ለቆየ የወገብ ሕመም ግን ማስረጃ አለ። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ እንዲህ ላለው ሕመም ከክኒን በፊት እንዲሞከሩ ከዘረዘራቸው ነገሮች ውስጥ ዮጋ ይገኝበታል። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚመረምር ተቋም በዚያው ዓመት እንዳለው ዮጋ የሠሩ ሰዎች ምንም ካልሠሩት ይልቅ በመጠኑ ተሽሏቸዋል፤ ከሌላ የወገብ እንቅስቃሴ ጋር ሲነጻጸር ግን ያን ያህል ልዩነት አልታየም። ይህ ለቤተሰቡ ትልቅ የምሥራች ይመስለናል። የረዳቸው የጡንቻው መሥራት እንጂ የህንዱ ስም አይደለም ማለት ነውና።

እንግዲህ እናታችን ምን ይሥሩ? ከሱብሒ በኋላ የድሬዳዋ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ሆድ ባዶ ሳለ፣ ወለል ላይ ሰሌን ወይም ምንጣፍ ይነጠፍላቸው፤ የሚሰምጥ ፍራሽ አይሆንም። መጀመሪያ በእጅና በጉልበት እንደሚድህ ሕፃን ይሁኑ። አየር እያስወጡ ጀርባቸውን ወደ ላይ ያጉብጡ፤ አየር እያስገቡ ቀስ ብለው ወደ ታች ያስርጉት። ስምንት ወይም አሥር ጊዜ ይበቃል። ከዚያ በሆዳቸው ተኝተው፣ ክርናቸውን መሬት ላይ አድርገው ደረታቸውን ብቻ ጥቂት ቀና ያድርጉ፤ የሚያም ከሆነ ይተዉት። ቀጥሎ በጀርባቸው ተኝተው ጉልበታቸውን አጥፈው፣ እግራቸውን መሬት ላይ ተክለው ዳሌያቸውን ያንሱ፤ አምስት ጊዜ ተንፍሰው ያውርዱ። ይህ የመቀመጫና የወገብ ጡንቻ ያጠነክራል፤ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ለሚውል ሰው ከሁሉም በላይ የምንመክረው እርሱን ነው።

ወንድማችንን ያስደነገጠው ምናልባት ተረከዝ ላይ ተቀምጦ ግንባርን መሬት ማስነካት ይሆናል፤ ከሩቅ ላየው ሱጁድ ይመስላል። ሱጁድ በኒያ የሚፈጸም ዒባዳ ነው፤ ይህኛው ግን የጡንቻ ማፍታቻ ነው፤ ስለዚህ አንድ አይደሉም። ይሁንና ልብ ከተጠራጠረ መተካት ይቻላል። በጀርባ ተኝቶ ሁለቱን ጉልበቶች ወደ ደረት አቅፎ መቆየት ያንኑ ጡንቻ ያፍታታል። በዚህ ቤት ይህኛው ቢመረጥ ደስ ይለናል።

በአፍንጫ ቀስ ብሎ መተንፈስ የልብ ምትን ያበርዳል፣ ጭንቀትንም ያረግባል፤ «ለአእምሮ ይጠቅማል» የሚባለው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። አንዳንድ ወጣቶች በ«ኦም» ፈንታ ዚክር እናድርግበት ይላሉ። ዚክር የራሱ ሥርዓት ያለው ዒባዳ ነው፤ ከወገብ ማፍታቻ ጋር አዲስ ሥርዓት ባንፈጥርለት ይሻላል። «ሶላት የሙስሊሞች ዮጋ ነው» የሚለውንም አባባል አንወደውም። ሶላት ሰውነትን ሊያፍታታ ይችል ይሆናል፤ የምንሰግደው ግን ለአላህ (ሱ.ወ) ብለን ነው።

ወጣቶች ደግሞ ይህ የእናቶች ጉዳይ ብቻ አይምሰላችሁ። ከዙሁር እስከ መግሪብ በአንድ ክንድ ተደግፎ በርጫ ላይ የሚውል ወገብም ያው ወገብ ነው፤ ጫቱ የደም ግፊትና የልብ ምት መጨመሩ ሳይቆጠር። እናታችንም ገበያ ላይ ከመሬት ይልቅ ከፍ ባለ በርጩማ ቢቀመጡ፣ በየግማሽ ሰዓቱም ተነስተው ጥቂት ቢራመዱ ሊረዳቸው ይችላል።

ሱጁድ በጣም ሲያማቸው ደግሞ አይጨነቁ። ዒምራን ኢብን ሑሰይን (ረ.ዐ) ሕመም ኖሮባቸው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ሲጠይቁ ቆሞ መስገድ ያልቻለ ተቀምጦ፣ ያንንም ያልቻለ በጎኑ ተኝቶ እንዲሰግድ እንደተነገራቸው ቡኻሪ ዘግበውታል።

የደም ግፊት ወይም የዓይን ግፊት ያለበት ሰው ጭንቅላትን ወደ ታች የሚዘቀዝቁ አቋቋሞችን አይሞክር፤ ነፍሰ ጡርም በሆዷ አትተኛ፣ አስቀድማም ሐኪሟን ትጠይቅ። እናታችን እግራቸው ከደነዘዘ ወይም ከሰነፈ፣ ሽንት መቆጣጠር ካቃታቸው፣ ወይም ሕመሙ ከትኩሳት ጋር ከመጣ እንቅስቃሴውን ትተው በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይሂዱ። ወንድማችን ደግፎ ይውሰዳቸው፤ እህታችንም አብራ ትሂድ።