ዲክታተር እና የተሾመበት ጉዳይ

ሰሞኑን በመምህራን ክበብ ቡና ስንጠጣ አንድ የሥራ ባልደረባዬ፣ «ዲክታተር ስድብ አይደለም፤ በሮማውያን ዘንድ አገር ስትጨነቅ የሚሰጥ የክብር ሹመት ነበር፤ ለእኛም የሚበጀን እርሱ ነው» አለ። የተቀመጡት ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ላቲን የጠቀሰ ሰው በእኛ ዘንድ መቼ ተጠይቆ ያውቃል!

ቃሉ የተገኘው «ዲክታሬ» ከሚለው ግሥ ነው፤ ደጋግሞ መናገር፣ እየተናገሩ ማስጻፍ ማለት ነው (ተማሪ ቤት ያስጨነቀን «ዲክቴሽን» የዚሁ ዘር ነው)። «ቶር» የሚለው ቅጥያ አድራጊን ስለሚያመለክት፣ በሰዋስው ሕግ ዲክታተር ተናጋሪው፣ አዛዡ ነው። ሮማዊው ሊቅ ቫሮ ግን «በቆንስል ስለሚሰየም ነው» ብሎ ተረጎመው፤ ኪኬሮም እንዲሁ። ለሥርወ ቃል ደካማ ፍች ነው፤ ሮማውያን በሹመቱ ውስጥ ሊሰሙት የፈለጉትን ግን ይናገራል፦ ሰያሚ አለው።

ባልደረባዬ ቃሉን የሚያውቀው በባለቤትነት መልኩ ብቻ ነው። በካፒቶል የሹማምንት መዝገብ ግን ዲክታተር ከተሾመበት ጉዳይ ጋር ይጻፋል፤ ጉዳዩ በአገናዛቢ እርባታ ይቀመጥና «ካውሳ»፣ ማለትም «ስለዚህ ሲባል»፣ ይከተለዋል። ለጦር ሥራ፣ ምርጫ ለማስፈጸም፣ ይባስ ብሎም «ክላዊ ፊጌንዲ ካውሳ»፦ ምስማር ለመምታት! ከክርስቶስ ልደት በፊት በ363 ሮምን ወረርሽኝ ሲፈጃት፣ ሉኪየስ ማንሊየስ በጁፒተር ቤተ መቅደስ ምስማር እንዲመታ ዲክታተር ተደረገ። ሊቪየስ እንደሚተርከው ሰውዬው ጦርነት አማረው፤ ምልመላውንም አከበደ። የሕዝቡ ትሪቡኖች በሙሉ ተነሡበትና ሥልጣኑን ለቀቀ። ምስማር ለመምታት የተሾመ ሰው ጦር አይመራማ!

የሹመቱም ዕድሜ ቢበዛ ስድስት ወር ነበር። ሱላ በ82 ይህን ገደብ አፈረሰ፤ እርሱ እንኳ ሕግ ለመጻፍና መንግሥትን ለማቋቋም የሚል ጉዳይ ነበረው። በ44 በተመታው የቄሳር ዲናር ላይ ግን «ዲክት ፔርፔቱኦ» የሚል ተቀረጸ። ፔርፔቱኦ ተውሳከ ግሥ ነው፤ «ለዘለቄታው» ማለት ነው። «እስከ መቼ?» ለሚለው መልስ ሲገኝ «ለምን?» የሚለው ከገንዘቡ ላይ ጠፋ። በመጋቢት ወር ቄሳር ተገደለ፤ በዚያው ዓመት በአንቶኒየስ ሕግ ሹመቱ ራሱ ተሻረ። እንግዲህ ባልደረባዬ የሚያሞግሰውን ሹመት የቀበሩት ሮማውያኑ ራሳቸው ናቸው።

«ያንተኛው ዲክታተር ካውሳው ምንድን ነው? ስድስት ወሩስ ከየትኛው ቀን ይቆጠራል?» ብዬ ጠየቅሁት። ቡናው እንደ ቀዘቀዘ ነገረኝ።