የሚቀድመው ቁጥር የትኛው ነው?

በካርቱም ከተማ፣ ሐበሻ በሚበዛበት በዴም ሠፈር፣ ከሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነት አስቀድሞ በነበሩት ዓመታት፣ ቀን በዐረብኛ ትምህርት ቤት ውለው ማታ ከእኔ ዘንድ ሒሳብ ለሚያጠኑ ጥቂት የአገሬ ልጆች በአግድሙና በቋሚው ዘንግ መካከል ነጥብ ማኖርን ሳስተምር፣ እንደ ቀላል የጀመርሁት ነገር ከሁሉ የከበደ ሆኖ አገኘሁት።

በሰሌዳው ላይ (5፣ 2) ብዬ ጽፌ አንዲቱን ልጅ «ነጥቡን አኑሪልኝ» ብላት፣ ከመነሻው ሁለት ወደ ቀኝ ሄዳ አምስት ወደ ላይ ወጣችና ጠመኔውን ጫን አድርጋ ዞረች። «ተሳስተሻል» ልላት አፌን ስከፍት፣ «ጋሼ፣ እኛ እኮ ከቀኝ ነው የምንጀምረው» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ በዐረብኛው ሥርዓተ ንባብ ጥንዱ ከየማን ወደ ፀጋም ይነበባል፣ ቀዳሚው «ሲን» ተከታዩ «ሷድ» ይባላል። (በዚያው አጻጻፍ አምስት የእኛን ዜሮ የመሰለች ክብ ናት፤ ዜሮው ደግሞ ራሱ ነጥብ ነው! በነጥብ መካከል ነጥብ ማስተማር ምን እንደሚመስል አንባቢ ይፍረደው።)

እኛ መምህራን «መጀመሪያ ወደ ጎን፣ ቀጥሎ ወደ ላይ» የሚለውን ደንብ ከደብረ ሲና እንደ ወረደ ጽላት አድርገን እናስረክባለን እንጂ፣ ሰው ከሰው የተዋዋለው ውል መሆኑን አንናገርም። ዴካርት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1637 ቁጥርን ከመስመር ያጋባበትን የጂኦሜትሪ ድርሳኑን ሲያወጣ እንኳ፣ ዛሬ በየደብተሩ የምናሰምራቸው ሁለቱ ዘንጎች በዚህ መልክ አልተሳሉም ነበር። የጂኦግራፊ ሊቃውንትም ካርቱምን ሲያመለክቱ ሰሜኑን አስቀድመው 15.6፣ ምሥራቁን አስከትለው 32.5 ይላሉ፤ በእኛ ሰሌዳ ግን ምሥራቁ ይቀድማል።

በማግሥቱ ቁጥሩን ትቼ ከተማውን ሣልሁ። ከምሥራቅ የሚመጣው ጥቁር ዓባይና ከደቡብ የሚመጣው ነጭ ዓባይ የሚገናኙበትን ሞግራንን መነሻ ባደርገው፣ ባሕሪ ከላይ በቀኝ፣ ኦምዱርማን ከላይ በግራ፣ ካርቱም ከታች በቀኝ ዐረፉ፤ በሚኒባስ የሚመላለሱባቸው ሠፈሮች ናቸውና ልጆቹ ማንንም ሳይጠይቁ ቦታ ቦታቸውን ይጠቁሙ ጀመር። ያችው ልጅ ግን ዴምን አይታ ተቆጣች።

«የእኛ ሠፈር ለምን ኔጋቲቭ ይሆናል? መነሻውን እኛ ቤት አድርጉት!»

ሰሌዳውን ጠርጌ መነሻውን ዴም ላይ ተከልሁት፤ ሞግራንም ወደ ግራና ወደ ላይ ሸሸ፣ ኔጋቲቩም ለወንዞቹ ደረሰ።