መብራት ሲጠፋ የማይረሳው ይመረጥ

የምተዳደረው ለትናንሽ ቢሮዎች የባክአፕ ፕሮግራም በመሥራት ነው። ደንበኞች ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ «የቀየርነው ፋይል ወዲያው ይቀመጣል ወይ?» ብለው ነው። ይህን የሚወስነው በዋናነት ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ የፋይል ለውጥን የሚያሳውቅበት መንገድ ነው። እኛ አገር መንገዱ ሲመረጥ ከፍጥነቱ አስቀድሞ መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን መታየት አለበት ባይ ነኝ።

ሊኑክስ ላይ ብዙ ባለሙያ የሚይዘው እ.ኤ.አ. በ2005 የመጣውን አይኖቲፋይን ነው። ፈጣን ነው፤ አጠቃቀሙም ቀላል ነው። ሆኖም የሚከታተለው ያስመዘገቡትን ፎልደር ብቻ ስለሆነ በውስጡ ያሉትን ፎልደሮች ሁሉ አንድ በአንድ ማስመዝገብ ግድ ይላል። አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ «ሐምሌ» የሚል አዲስ ፎልደር ከፍታ የወሩን ደረሰኞች በአንዴ ብትገለብጥበት፣ ፕሮግራሙ ፎልደሩን እስኪያስመዘግብ የገቡት ደረሰኞች ማንም ሳይነግረው ሊያልፉ ይችላሉ። አይኖቲፋይ ለፕሮግራሙ የሚያቆየው የመልእክት ወረፋ ሲሞላም (መነሻ ልኩ 16,384 ነው) መልእክት መጣሉን ይናገራል፤ የየትኛው ፋይል እንደሆነ ግን አይናገርም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ወረፋው ያለው ሚሞሪ ላይ መሆኑ ነው። መብራት ድርግም ሲል ያልተነበበው መልእክት አብሮ ይጠፋል። ደረሰኙ ዲስክ ላይ ተቀምጧል፤ መቀየሩን ለባክአፑ የሚነግር ግን የለም። አዲሱ ፋኖቲፋይ ሙሉ ዲስክ በአንድ ምዝገባ መከታተል ቢችልም በዚህ በኩል ያው ነው።

በአንጻሩ ከዊንዶውስ 2000 ጀምሮ ያለው ዩኤስኤን ጆርናል ለውጡን የሚመዘግበው እዚያው ዲስኩ ላይ ነው፤ እያንዳንዱ መዝገብም ቁጥር አለው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ፕሮግራሜ ካቆመበት ቁጥር ወዲህ የተቀየረውን ጠይቆ ይረዳል። የአፕሉ ኤፍኤስኢቨንትስም ታሪኩን ዲስክ ላይ ያኖራል። ጆርናሉ መጠኑ የተወሰነ ስለሆነ ብዙ ከተቆየ የድሮው መዝገብ ይሰረዛል፤ ያን ጊዜ ዲስኩን ከላይ እስከ ታች ማሰስ ነው። ቢሆንም ምርጫው በእጄ ሲሆን እሱን እመርጣለሁ። ሊኑክስ ላይ ስሠራ ደግሞ ፕሮግራሙ በተነሳ ቁጥር የእያንዳንዱን ፋይል መጠንና የተቀየረበትን ሰዓት ከቀድሞው ጋር እንዲያመሳክር አደርጋለሁ። ጊዜ ይወስዳል፤ ይውሰድ።

ቢሮ የምትመሩ ሁሉ፣ ባክአፕ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አድርጉ፦ ፕሮግራሙን አስቁሙት፣ አንድ ደብዳቤ ቀይሩ፣ ከዚያ መልሳችሁ አስነሡት። የተቀየረው ደብዳቤ ባክአፑ ውስጥ ካልገባ አትግዙ።