ሕፃናቱ ከወረዳው የበጀት መዝገብ ይግቡ

የአንድ ኅብረተሰብ የነገ ገጽታ በአብዛኛው የሚቀረጸው ሕፃኑ አንደኛ ክፍል ከመግባቱ አስቀድሞ ባሉት ጥቂት ዓመታት ለመሆኑ ዛሬ ብዙ ክርክር የለም። የሚያከራክረው የእነዚህ ዓመታት ኃላፊ ማን ነው የሚለው ጥያቄ ነው። በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ገጠር ለዚህ ጥያቄ እስከ ዛሬ የተሰጠው መልስ፣ በግልጽ ለመናገር፣ «ታላቅ እኅቱ» የሚል ነው። እናት ለእርሻ፣ ለገበያና ለውሃ ስትወጣ ሕፃኑን የምታዝለው የሰባትና የስምንት ዓመት ልጅ ናት። የታዘለውም ሕፃን አምስት ዓመት ሲሞላው በዚያ ብርድ ከበጎች ኋላ ይሰማራል። በዚህ ሁኔታ አንዱ ሕፃን ያለ ትምህርት ሲያድግ ሌላዋ ከትምህርት ገበታዋ ትቀራለች፤ ጉዳቱ ድርብ ነው።

ሕዝቡ ግን ለፊደል እንግዳ አይደለም። «መዋዕለ ሕፃናት» የሚለው ስም ከመለመዱ ብዙ ዘመን አስቀድሞ የአጥቢያው የኔታ ትንንሽ ልጆችን ሰብስበው ሀሁን፣ አቡጊዳን፣ ከዚያም ዳዊትን ሲያስቆጥሩ ኖረዋል። እርግጥ ነው፣ በዚያ ጉባኤ የሴት ልጅ ድምፅ እምብዛም አይሰማም ነበር፤ ጨዋታ ለሕፃን አእምሮ የሚሰጠው ጥቅምም ቦታ አልነበረውም። ሆኖም ሕፃንን ማስተማር የአጥቢያው የወል ጉዳይ እንደነበረ ሊዘነጋ አይገባም።

ከ1967 ዓ.ም. በኋላ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት በየቀበሌው መዋዕለ ሕፃናት ማቋቋማቸው ይታወሳል። ስለዚያ ዘመን ሌላው ፍርድ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ የሠራተኛው ልጅ በእናቱ የሥራ ሰዓት የሚውልበት ቦታ ማግኘቱ ትልቅ ነገር ነበር፤ ጉድለቱ ሥራው በአብዛኛው ከከተማ አለመውጣቱ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ መዋዕለ ሕፃናትን ቢያውቀውም የማቋቋሙ ሸክም በተግባር ለግል ባለሀብት፣ ለእምነት ተቋማትና ለበጎ አድራጊ ድርጅቶች ተተወ። ትርፍ የሚሻ ባለሀብት ሦስት ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ ገብስ ለሚያመርት ገበሬ ልጅ መዋዕለ ሕፃናት ይከፍታል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነበር።

ይህን ክፍተት ለመድፈን በ2002 ዓ.ም. የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ አንድ የፖሊሲ ማዕቀፍ አወጡ። ማዕቀፉ የወላጆችን ትምህርት፣ የሕፃናትን ጤናና ማነቃቂያ፣ የመዋዕለ ሕፃናትን ሥራ፣ እንዲሁም ከመደበኛው ውጭ የሚሰጥ የትምህርት ዝግጅትን በአንድ ያያያዘ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ «ኦ ክፍል» ወይም «ዜሮ ክፍል» የሚባለው ተከፈተ፤ ቀድሞ በአገር አቀፍ ደረጃ ከመቶ አሥር እንኳ የማይሞላው የተሳትፎ መጠንም በጥቂት ዓመታት ከ30 በመቶ በላይ ወጣ። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ ፖሊሲም ሁለት ዓመት የቅድመ አንደኛ ደረጃ ትምህርትን በአገሪቱ የትምህርት እርከን ውስጥ አስገብቷል።

ቁጥሩ ያስደስታል፤ ክፍሉን ገብቶ ለሚያይ ግን ደስታው ይደበዝዛል። በብዙ ቦታ ዜሮ ክፍል ማለት ለሌላ አገልግሎት የማይፈለግ ክፍል፣ ለሙያው ያልሠለጠነ መምህር፣ መጫወቻ የሌለው ግቢና ለታላላቆች የተሠራ ዴስክ ማለት ነው። የስድስት ዓመት ልጅ እግሩ መሬት ሳይነካ ሲውል ያየ ሰው ነገሩን ይረዳዋል። ጉዳዩ የትምህርት ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት 46 በመቶ ያህሉ ከዕድሜያቸው ያጠሩ፣ ማለትም ለረጅም ጊዜ በምግብ የተጎዱ ነበሩ፤ የአገሪቱ አማካይ 38 በመቶ ነበር። ሳይበላ የመጣ ሕፃን ፊደል ቢያዩለት አይገባውም።

በዚህ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችን አዘግቷል። በር ሲዘጋ መጀመሪያ የሚረሳው የትንንሾቹ ክፍል ነው፤ ፈተና የማይፈተን ስለሆነ የሚጠይቅለት የለምና።

እንግዲህ ማን ይጠይቅለት? እ.ኤ.አ. በ1945 ጦርነቱ ሲያበቃ በሰሜን ኢጣሊያ፣ በሬጆ ኤሚሊያ አቅራቢያ፣ የቪላ ቼላ መንደር ነዋሪዎች ጀርመኖች ጥለውት የሄዱትን አንድ ታንክ፣ ጥቂት ካሚዮኖችና ፈረሶች ሸጠው በገንዘቡ ለልጆቻቸው ትምህርት ቤት ሠሩ። ነገሩ በዚያ ቢቆም አንድ መንደር ብቻ በተጠቀመ ነበር። ነገር ግን የሴቶች ማኅበራትና ሠራተኞች ጥያቄውን ወደ መንግሥት ይዘው ወጡ፤ በ1968 የመንግሥት መዋዕለ ሕፃናት ሕግ፣ በ1971 ደግሞ ከሦስት ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት የሚሆን ማቆያ ሕግ ወጣ። ከመንደሩ መዋጮ እስከ አገሪቱ ሕግ ከሃያ ዓመት በላይ ወስዷል።

የእኛም ሕዝብ መዋጮ አይከብደውም። ድንጋይ ያቀርባል፣ እንጨት ይቆርጣል፣ በዕድሩና በሰንበቴው ብር ያዋጣል። የማይችለው የመምህር ደመወዝ በየወሩ መክፈል ነው። ደመወዙ የሚወሰነው ደግሞ በታወቀ ቦታ ነው፦ ክልሉ ለየወረዳው ጥቅል በጀት ይደለድላል፤ የወረዳው ምክር ቤት ያንኑ ለየዘርፉ ያከፋፍላል። በዚህ ድልድል ለቅድመ አንደኛ ደረጃ መምህር የሥራ መደብ ካልተያዘ ፖሊሲው ወረቀት ላይ ይቀራል። ስለዚህ የነዋሪው ጥያቄ «ትምህርት ይስፋፋልን» ከሚል ጥቅል ቃል ወጥቶ «ለዚህ ትምህርት ቤት አንድ የሠለጠነ መምህር መደብ ይያዝ» ወደሚል መድረስ አለበት።

ሠራተኛውም ተመልካች ሊሆን አይገባውም። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 መሥሪያ ቤቶች እናቶች የሚያጠቡበትና የሚንከባከቡበት የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደንግጎ ነበር። ይህን ይዞ በየስብሰባው «የእኛስ የት አለ?» ብሎ መጠየቅ ከማንም ፈቃድ አይሻም። አዲስ አበባ ከተማዋን በአፍሪካ ሕፃናትን ለማሳደግ ከሁሉ የተመቸች አደርጋለሁ ብላ ሥራ ጀምራለች፤ ደጋው ለምን ይቅር?

የመንዝ ሕዝብ ለነገ ሲል መታገሥን ከማንም አይማርም። የጓሳን ሣር በቄሮ ሥርዓት፣ በአባ ቄራና በአፈሮ ጠባቂነት፣ ለብዙ ዓመት እየዘጋ ሲከፍት መቶ ዓመታትን ቆጥሯል። ከብቱ ቢራብም ጊዜው ሳይደርስ ሣሩ አይታጨድም ነበር።

አሁን የሚቀረው ቆጠራ ነው። በመሐል ሜዳ፣ በሞላሌ፣ በዘመሮ፣ በራቤልና በዓለም ከተማ ዙሪያ ያሉ ቀበሌዎች ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ያሉ ሕፃናታቸውን ቤት ለቤት ይመዝግቡ፤ ስንቱ ዜሮ ክፍል እንደገባ፣ ስንቱ በበግ ጥበቃ እንደዋለ፣ ስንት ታላቅ እኅት ሕፃን አዝላ እንደቀረች ይጻፍ። የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት ይፈርምበት፤ ዕድሮችም ያክሉበት። ከዚያ ለወረዳው ምክር ቤት፣ ቅጂው ደግሞ በክልሉ ምክር ቤት ሕዝቡን ለሚወክለው ሰው ይድረስ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፤ ቆጠራው እስከ ሚያዝያ ካልተጠናቀቀ በሰኔ የሚቀርብ ጥያቄ ለከርሞ ያድራል።